የኋላው ወንበር

«ሴት ከኋላዬ ጭኜ በሆሳዕና ገበያ መሐል ልለፍ? ምን ነካህ ኃይለመለኮት! ቀዩን ነው የምወስደው።»

አሰገደች ይህን የሰማችው ጓዳ ቆማ ቅቤ ስታነጥር ነበር። እጇ ማማሰያውን እንደያዘ ቀረ። በጓዳውና በእልፍኙ መካከል ያለው ግድግዳ ጭቃው ተሰነጣጥቆ ስለነበር የባሏን ንግግር ብቻ ሳይሆን ጠላ ሲውጥ የጉሮሮውን ድምፅ ሳይቀር ያሳልፋል። የኬላው ጸሐፊ ኃይለመለኮት «ወይዘሮ አሰገደችስ? በቅሏቸውን የፈቀዱት ለጥቁሩ አልነበረም እንዴ? እኔው ባለሁበት በሚካኤል ምለውላቸው የለም?» አለ። ባሏ ወንዳፈረው ሳቀ። «ተዋት። በቅሎዋ አንዴ ከእጇ ከወጣች ምን ታመጣለች? ፎንቆ መሄድ ከፈለገች በእግሯ ትሂዳ፤ እግር የላትም?» ኃይለመለኮትም ሳቀ፤ ሳቁ ግን አጭር ነበር። ቅቤው ተንተክትኮ ኮሰረቱ ማረር ጀምሯል። ሽታው ሲለወጥ ነው አሰገደች ነቅታ ድስቱን ያወረደችው።

ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ ስድስት፣ ወሩ ጥር ነው። ወንዳፈረው የኬላ ሹም ሲሆን ከሆሳዕና እስከ ፎንቆ፣ በወዲያ በኩልም እስከ ዳምቦያ እየዞረ ቀረጥ ያስከፍላል። ፈረሱ በክረምቱ ከሞተበት ወዲህ፣ የሚስቱ በቅሎ ለንግዷ ስለምትፈለግ፣ በተውሶ በቅሎ መዞሩ አንገቱን አስደፍቶት ነበር። ግሪካዊው ነጋዴ ሙሴ ስታቭሮ ሁለት ሞተር ብስክሌቶች በበጋው መንገድ ከአዲስ አበባ አስጭኖ ካመጣ ጀምሮ ግን ሌላ ወሬ የለውም፤ እራት ላይም፣ አልጋ ላይም፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱም ስለዚያው ነው። ነጋዴው ከገንዘቡ ሌላ ጥሩ የኮርቻ በቅሎ እንደሚቀበል ባወቀ ዕለት አነጋገሩ ሁሉ ማር ማር አለ። «ጥቁሩ ከኋላው ወንበር አለው። አንቺን ፎንቆ ገበያ አድርሼ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ፤ ስመለስ ከነቅቤሽ አመጣሻለሁ። እናትሽንም ስትፈልጊ ታያለሽ» አላት። ቦራ የምትባለው በቅሎ የአሰገደች ናት፤ አባቷ በሰርጓ ቀን ከነኮርቻዋና ከነመርገፏ አምጥቶ በሰው ፊት ልጓሟን በእጇ ያስያዛት። ያቺ በቅሎ ባትኖር የቅቤ ንግዷም የለ፤ ፎንቆ ላይ ዓይኗ እየደከመ ብቻዋን የምትኖረውን እናቷንም አታይ። ቢሆንም ባሏን አመነችው። ሁለት ሰው በአንድ መቀመጫ ጎን ለጎን ባይሆንም ፊትና ኋላ ሆኖ ሲጓዝ በሐሳቧ እያየች ደስ ብሏት እንኳ ነበር።

ቁርሱን ራሷ አቀረበች። በወንዳፈረው እናት ቤት ቢሆን ቆጮ በመሶብ አይወጣም ነበር፤ የሰሜን ሰው ነኝ የሚለው ሁሉ በሰው ፊት ቆጮን «የአገሬው ምግብ» እያለ ይጸየፋል፣ በቤቱ ግን ከአይብ ጋር ጠቅልሎ ይጎርሳል። ሁለቱም ሲጎርሱ ቆማ አየቻቸው። «ዛሬ ነው አይደል የሚወስዱት?» አለች። ባሏን በአንቱታ ነው የምትጠራው። «ዛሬ ነው።» «ጥቁሩን?» ወንዳፈረው ዓይኑን ከመሶቡ ሳያነሣ «እናየዋለን፤ ሁሉም እዚያው ይታያል» አለ። ኃይለመለኮት ዋንጫውን በሁለት እጁ ይዞ ጠላ ውስጥ የወደቀ ነገር የሚፈልግ ይመስል አቀረቀረ። ወንዳፈረው እጁን ሲታጠብ «ቦራን ልጓም አግቢላት፣ ኃይለመለኮት ይነዳታል፤ አንቺ ቤት ቆዪ» አላት። «እኔው እነዳታለሁ» አለች።

ከቤታቸው እስከ ሙሴ ስታቭሮ መጋዘን ያለው መንገድ ቁልቁል ነው። ገበያ ቀን ስለነበር ከሌሞ የሚመጣው ሰው መንገዱን ሞልቶታል፤ ገብስ የጫነ አህያ፣ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ፣ ከወገባቸው አጎንብሰው ቆጮ በጀርባቸው የተሸከሙ ሴቶች። አሰገደች ይህን መንገድ ስንት ጊዜ ከኮርቻ ላይ ሆና አልፋዋለች፤ ያኔ የምታየው የሴቶቹን የጎበጠ ጀርባ ብቻ ነበር። ዛሬ በቅሎዋን እየሳበች በእግሯ ስትሄድ ፊታቸውን አየች። አንዷ፣ በእሷ ዕድሜ የምትሆን፣ በሐዲይኛ ቃና በተጫነው አማርኛ «እመቤቴ፣ በቅሎ እያለች ለምን በእግር?» ብላ ጠየቀቻት። አሰገደች «ልትሸጥ ነው» አለቻት። ሴትየዋ ሸክሟን እንዳዘለች ቆም አለችና «አንቺ ነሽ የምትሸጪው?» አለች። ይህን ጥያቄ ከባሏም፣ ከጸሐፊውም፣ ከነጋዴውም የጠየቃት አልነበረም። በቅሎዋን ስባ አለፈች፤ ጥያቄው ግን እስከ መጋዘኑ በር ድረስ አብሯት ሄደ።

ሁለቱ ሞተሮች በቆርቆሮው ጥላ ሥር፣ የቆዳ እስር አጠገብ ቆመዋል። ጥቁሩ ወፍራምና ከፍ ያለ ነው፤ ከነጂው መቀመጫ በስተኋላ በቆዳ የተሸፈነ ሁለተኛ ወንበር፣ ግራና ቀኝ የእግር ማሳረፊያ፣ ከጀርባውም ዕቃ የሚታሰርበት ብረት አለው። ቀዩ ቀጭን፣ አጭርና ዝቅ ያለ ሆኖ መሪው ወደ ታች የታጠፈ ነው፤ የሚነዳው ሰው ሆዱን አስተኝቶ እንዲጋልብ ያስገድዳል። ሕዝቡ ከቦ «ዱግዱጉ! ዱግዱጉ!» ይላል። ሙሴ ስታቭሮ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። ወንዳፈረው የጠየቀው ስለ ፍጥነቱ ብቻ ነበር። አሰገደች ግን ልጓሙን እንደያዘች ወደ ቀዩ ቀረበችና «በዚህ ላይ ሁለተኛው ሰው የት ነው የሚቀመጠው?» አለች።

«ማዳም፣ በዚህ ላይ ሁለተኛ ሰው የለም» አለ ነጋዴው። «ይኼ ለእሽቅድምድም ነው የተሠራ። ሆዱ ለመሬት ቅርብ ነው፤ ድንጋይ ከመታው ዘይቱ ይፈሳል። ቀስ ብሎ መሄድ አይወድም፤ ከከብት ኋላ ካዘገመ ይግላል። ጥቁሩ አይሮጥም ግን ጠንካራ ነው፣ ወንዝ ይሻገራል፣ ሰው ከኋላ ሲጫን መሪው አይንቀጠቀጥም። ለፎንቆ መንገድ፣ ለየቀኑ ሥራ፣ ለባልና ሚስት ጥቁሩ ነው። እኔ ሁለቱንም እሸጣለሁ፤ ውሸት ግን አልናገርም።»

«እሽቅድምድሙስ ከማን ጋር ነው?» አለች አሰገደች። ከበው ከቆሙት አንዳንዶቹ ሳቁ። የወንዳፈረው ጆሮ ቀላ። ዋጋውን አስጠራ፤ ጥቁሩ በቅሎዋና መቶ ጠገራ ብር፣ ቀዩ በቅሎዋና መቶ ስልሳ። ከዚያ ቀዩ ላይ ወጣና አስነሥቶ ግቢውን ዞረ። ዶሮዎች ተበተኑ፣ ቦራ ጆሮዋን ወደ ኋላ አጥፋ ጎተተች፣ ሰው ጮኸለት። ሲዞር ፊቱ የሕፃን ፊት ሆኖ ነበር፤ አሰገደች ያን ፊት በጫጉላቸው ጊዜ ታውቀዋለች፣ ከዚያ ወዲህ አላየችውም። ለአፍታ አዘነችለት። ወርዶ መጥቶ እጁን ሲዘረጋ ግን ፊቱ የኬላ ሹም ፊት ሆኗል። «ቀዩን ወስጃለሁ። ልጓሙን ስጪ» አላት።

«ለጥቁሩ ነው የፈቀድኩት።»

«በሰው ፊት አታዋርጂኝ። ስጪ!» ብሎ ልጓሙን መንጭቆ ወሰደ። ጠፍሩ መዳፏን ላጠው። በዚያች ቅጽበት አሰገደች ምን እንደምታደርግ አላሰበችም፤ የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ከባሏ ካፖርት ቀበቶ ጋር ቋጠረችውና «በሕግ አምላክ! በንጉሥ አምላክ! ዳኛ ሳይፈርድ ከዚህ ንቅንቅ እንዳትል!» ብላ ጮኸች። ሕዝቡ ጸጥ አለ። ሚስት ባሏን በአደባባይ በነጠላዋ ስትቆራኝ ያየ አልነበረም፤ ያ ሁሉ ዘመን «እርስዎ» ስትለው የኖረችውን ሰው «አንተ» ማለቷንም ያላስተዋለ የለም። ወንዳፈረው ቋጠሮውን ሊፈታ እጁን ሰደደና ዓይኑን አንሥቶ ከበው የቆሙትን ሲያይ ተወው፤ በንጉሥ ስም የተቋጠረን የሚፈታ ሹም ነገ ሹም ሆኖ እንደማያድር ያውቃል።

በመንገዱ ያልፍ የነበረው ሽማግሌው ግራዝማች ወልደ ማርያም ነበር፤ አስቁመው ዳኝልን አሉት። ከበቅሎው ወርዶ የቆዳው እስር ላይ ተቀመጠና ሁለቱንም አዳመጠ። ወንዳፈረው «በቅሎዋ የቤቴ ናት፤ በቤቴ ያለውን የማዘው እኔ ነኝ። ቀዩም ቢሆን ከኋላው ብረት አለው፤ ጆንያ ከተነጠፈበት ሰው ይጭናል» አለ። አሰገደች «በቅሎዋ የአባቴ ስጦታ ናት። ለጥቁሩ ነው የሰጠሁት፤ በሚካኤል ምሎልኛል፤ ሲምልም ኃይለመለኮት ሰምቷል። ዛሬ ጠዋት በእግሯ ትሂድ ሲልም ሰምቷል» አለች። ግራዝማቹ ወደ ጸሐፊው ዞረ። ኃይለመለኮት የኬላው ደመወዝተኛ ነው፤ አለቃውን አየ፣ አሰገደችን አየ፣ በመጨረሻም የጫማውን ጫፍ አየ። «እኔ የሰማሁት ነገር የለም» አለ።

«ጠላዬን በእጅህ ይዘህ ነበር የሰማኸው» አለችው። እሱ ቀና አላለም።

ግራዝማቹ ጺሙን ሲያሻሽ ቆየና «ይጭናል ካልክ ጭነህ አሳየኝ። ወንዙን ተሻግረህ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት ወጥተህ፣ ይዘሃት ተመለስ። በዓይኔ ካየሁ በኋላ እፈርዳለሁ» አለ። ሙሴ ስታቭሮ «ግራዝማች፣ አይሆንም፣ ማዳም ትጎዳለች» ቢል የሰማው አልነበረም፤ ሕዝቡ ጨዋታው ደስ ብሎት ጆንያና ገመድ ማቀበል ጀምሯል። ቋጠሮው ተፈታ፤ ወንዳፈረው የበቅሎዋን ልጓም ለኃይለመለኮት አስያዘ። አሰገደችን መፍራትና አለመፍራቷን የጠየቃት የለም። ጆንያው ላይ ወጥታ የባሏን ካፖርት በሁለት እጇ ጨመደደች፤ እግሯን የምታሳርፍበት ስላጣች አንጠለጠለችው። ሞተሩ ጮኸና ወጡ። ቁልቁለቱን እንደምንም ወረዱ። ወንዙ የበጋ ውኃ ነው፣ ቁርጭምጭሚት አይሞላም፤ ከብት የረጋገጠው ዳር ግን ጭቃ ነበር። ከዚያ ወጥተው ዳገቱን ሲጀምሩ የኋላው ጎማ ተንሸራተተ፣ የፊተኛው ቀለል ብሎ ከመሬት ተነሣ፤ የአሰገደች ቀኝ እግር የጋለው የጭስ ቧንቧ ላይ ተለጠፈ። ጮኸች። «ቁም! እግሬ!» አለች። እጇ ከካፖርቱ ተለቆ በጎኗ ጭቃው ላይ ወደቀች።

ሞተሩ ሸክሙ ሲቀንስለት ቀጥ ብሎ ዳገቱን ያዘ። ወንዳፈረው አንገቱን ዞር አድርጎ አያት። ዓይን ለዓይን ተያዩ፤ ወድቃ እግሯን ይዛ እንደተቀመጠች በደንብ አይቷታል። ከዚያም ፊቱን መልሶ ዳገቱን ወጣ። አሰገደች ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ሞተሩ፣ ስለ መሐላውም፣ ስለ ሐሰተኛው ምስክርም ብዙ ጊዜ ተጠይቃለች፤ ይህቺን ዞር ማለቱን ግን ለሰው ማስረዳት አልቻለችም። ሰው ሁሉ «ላይችል ይችላል፣ ሞተር እንደ በቅሎ አይቆም» ይላታል።

ቀሚሷ በጭቃ ተለውሶ፣ እያነከሰች መጋዘኑ ደጃፍ ስትደርስ ወንዳፈረው በሌላው መንገድ ዞሮ ቀድሟታል። «ዳገቱ ራስ ደረስን፤ ከዚያ በእግሬ ልመለስ አለችና ወረደች» ሲል ጆሮዋ ሰማ። ሰው ሳቀ። አሰገደች በሳቁ መሐል አልፋ ግራዝማቹ ፊት ቆመች፤ የቀሚሷን ጠርዝ ከባቷ በላይ ከፍ አደረገችው። ቆዳው እንደ ተገሸለጠ ድንች ተልጦ ቀይ ሥጋው ይታያል፤ ጭቃ ገብቶበታል። «ዳገቱ ራስ ላይ የወረደች ሴት ይኼ ነው እግሯ» አለች። ግራዝማቹ ፊቱን አዞረ። ሳቁ ቆመ። ሙሴ ስታቭሮ በቋንቋው አንድ ነገር ተናግሮ ወደ መጋዘኑ ገባ።

«ፈርጃለሁ» አለ ግራዝማቹ። «በቅሎዋ ያንቺ ናት። አባትሽ የሰጠሽ ናት፤ ቀዩም ሁለት ሰው እንደማይጭን አይቻለሁ።» አሰገደች አጎንብሳ እጅ ነሣች። ልጓሙን ልትወስድ ስትል ግን ሽማግሌው እጁን አነሣ። «ቆይ። አሁን እንደ ዳኛ ሳይሆን እንደ አባት ልናገር። ባልሽ ነው። ሞተሩን ወዶታል፤ ወንድ የወደደውን ሲከለከል ቤቱ አይሞቅም። ፍርዱ ላንቺ ሆኗል፣ ክብርሽ ተጠብቋል፤ እንግዲህ በፈቃድሽ ልጓሙን ስጪውና ታረቁ። ለእግርሽም ቅባት ይገዛልሻል።» ሕዝቡ አንድ አፍ ሆኖ «እሺ በይ! ታረቂ!» አለ። ቅድም የሳቁባትም፣ ገመድ ያቀበሉትም፣ አፉን ዘግቶ የቆመው ኃይለመለኮትም ሳይቀር «ይታረቁ እንጂ» አሉ። ግራዝማቹ በአንድ እጁ የሰጣትን በሌላው እጁ መልሶ እየወሰደ መሆኑን አሰገደች አየች፤ ከሁሉም ያናደዳት ሰውየው ይህን ሲያደርግ ደግ የሠራ መስሎት ፊቱ መብራቱ ነው።

«ጌታዬ፣ የፈረዱልኝን ልውሰድ» አለች። «የመከሩኝን ሌላ ቀን እሰማዎታለሁ።»

ልጓሙን ከኃይለመለኮት እጅ ተቀበለች። እሱም ሰው እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንጀራዬ ነው እኮ፣ ወይዘሮ አሰገደች» አላት። እርካቡን ሊይዝላት ጎንበስ ቢል እግሯን አንሥታ በሌላው በኩል ወጣች። ወንዳፈረው ቀዩ ሞተር ላይ እንደተቀመጠ፣ እንደማይወስደው እያወቀ፣ መሪውን አልለቀቀም። «ወዴት ነው?» አላት። «እናቴ ጋ።» «መቼ ነው የምትመለሺው?» ቦራ መንገዱን ጀምራለች።

ፎንቆ እስክትደርስ ያለውን መንገድ የሄደችው እግሯን ከእርካብ አውጥታ ነው፤ እርካቡ በነካው ቁጥር ቁስሉ ያቃጥላታል። መንገዱ ዳር የእንሰት ቅጠል በነፋስ ይሰነጠቃል፣ ሰው ከገበያ ይመለሳል፣ ሰላም ይሏታል፣ ትመልሳለች። አላለቀሰችም። ሊያስለቅሳት የሚገባውን ነገር ስታስብ ቁጣው ይቀድማታል፤ ለአባቷ ስጦታ ዳኛ ፊት መቆም ነበረባት፣ ለባሏ ቃል ምስክር መቁጠር፣ ለቃጠሎዋ ቀሚሷን በወንድ ፊት መግለጥ። እሱ ግን ለመዋሸት ያስፈለገው አፉን መክፈት ብቻ ነው። እያሰበች በቅሎዋን ሳታውቀው ስታስሮጥ ራሷን ያዘችና ልጓሙን ሰብሰብ አደረገች።

እናቷ ወይዘሮ ከበቡሽ ደጃፏ ላይ፣ የመጨረሻው ፀሐይ በሚያርፍበት መደብ ተቀምጣለች። ዓይኗ ጥላ እንጂ መልክ አይለይላትም፤ ልጇን የምታውቀው በበቅሎዋ ኮቴ ነው። ስማት ስታበቃ «ባልሽ ደህና ነው?» አለች። አሰገደች አጠገቧ ተቀምጣ ከጓዳው ጀምሮ ሁሉንም ነገረቻት። እናትየው ሳታቋርጥ ሰማች። ጎረቤት አጥር ሲዘጋ ተሰማ። ቤቱ ውስጥ ያለው አንድ አልጋ፣ አንድ ሣጥንና የአባቷ ጋሻ የተሰቀለበት ግድግዳ ሁሉ መጨለም ጀመረ።

«ያው የሰማንያ ሚስቱ ነሽ» አለች ወይዘሮ ከበቡሽ በመጨረሻ። «ነገ ከነገ ወዲያ ሽማግሌ ይልካል። በአንቺ ዕድሜ ከባል ቤት መውጣት... በቅሎዋን ብትሰጪው ምን ነበረ፣ ልጄ?»

አሰገደች እግሯን ወደ እናቷ ዘረጋችላት። ወይዘሮ ከበቡሽ በመዳፏ ዳሰሰችው፤ ጣቷ ቁስሉ ላይ ሲደርስ ቆመ፣ ተመለሰ፣ ዳር ዳሩን እንደገና ዳሰሰ፤ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ ለካች። ከዚያ ግድግዳውን እየተደገፈች ተነሣችና ቅቤ ይዛ መጣች። ጭቃውን በለብታ ውኃ አጥባ፣ ትንፋሿን እፍ እያለች ቀባችላት።

«ማን ነው የዳኘው?» አለች።

«ግራዝማች ወልደ ማርያም።»

«ምን ብሎ ፈረደ?»

«በቅሎዋ ያንቺ ናት አለ።»

ወይዘሮ ከበቡሽ የቅቤውን ዕቃ መሬት አስቀመጠች። «ስላንቺስ?»

«ስለ እኔ የጠየቀው ሰው የለም» አለች አሰገደች።